የአሻንጉሊቱ ትንፋሽ

ሶፋ አልባሿ ሲበዛ ፈሪ ናት። ይህን የምለው ልሳደብ ብዬ አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። በር ሲንኳኳ ልቧ ድው ይላል። ስልክ ሲጮህ መቀሱ ከእጇ ይወድቃል። መለዮ የለበሰ ሰው ካየች ምንም ሳታጠፋ መንገድ ተሻግራ ትሄዳለች። ሰፈርተኛው “ድንጉጧ” ብሎ ስም አውጥቶላታል። ደንበኞቿ ሳይቀሩ ከደጅ ጀምረው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው የሚገቡት፤ አለዚያ ደንግጣ በመዶሻው ጣቷን ትመታለች።

እጇ ግን ፍርሃት አያውቅም። እግሩ ወላልቆ፣ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ የመጣ ወንበር እሷ ዘንድ ጥቂት ሰንብቶ ሲወጣ ባለቤቱ እንኳ አይለየውም። ስፖንጁን በዓይኗ ለክታ ትቆርጣለች፣ ጨርቁን በጥርሷ ይዛ ትወጥራለች፣ ማዕዘኑን ስታጥፍ አንዲት ሽብሽብ አታስቀርም። የምትሠራውም የምትኖረውም አንድ ቤት ውስጥ ነው። የፊተኛው ክፍል ወንበርና ጨርቅ የሞላበት የሥራ ቦታ፣ የኋለኛው መኝታዋ ሲሆን፣ ከመኝታዋ ጎን ደግሞ ድሮ ጥራጊ ጨርቅ የምታከማችበት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ጣጣው ሁሉ የመጣው በዚህች ክፍል ነው።

ክፍሏን ጠራርጋ ባዶ ያደረገቻት ለሚጡ ብላ ነበር። ሚጡ የታናሽ እህቷ ልጅ ናት። እናትየው አስም ነበረባት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ አጠራት፤ ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ እጇን እንደያዘች፣ ሰው ሳይደርስላቸው አረፈች። አባትየው ሚጡ ሳትወለድ ነው ደብዛው የጠፋው። ሶፋ አልባሿ ተደውሎላት እየበረረች እስክትደርስ ልጅቷን ወደ ሕፃናት ማቆያ ወስደዋታል። “አክስቷ ነኝ፣ ስጡኝ” ብትል፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ፣ የማሳደግ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ለፈቃዱ ደግሞ ሰውም ቤትም መታየት እንዳለበት ነገሯት።

መጀመሪያ ቢሮ የተጠራች ቀን የሆነውን ስታስታውስ እስካሁን ጆሮዋ ይግላል። ጉዳዩን የያዘችው ሴትዮ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ረጋ ያለች ባለሙያ ናት። ክፉ ቃል አልወጣትም። “ልጅቷን ለምን ይፈልጓታል?” ብላ ብቻ ጠየቀቻት። መልሱ እኮ ደረቷ ውስጥ ይንጫጫ ነበር፤ ስትስቅ እንደ እናቷ አፍንጫዋን ስለምትሸበሽብ፣ ከእኔ በቀር ማን አላት፣ እኔስ ከእሷ በቀር ማን አለኝ። ምላሷ ግን ተሳሰረ። በመጨረሻ “ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?” ብላ አረፈችው።

ስትመለስ ሴትዮዋ ሌላ ከተማ የሚኖሩ፣ ቤታቸው ሰፊ የሆነ ባልና ሚስት ልጅ ለማሳደግ ተራ እየጠበቁ እንደሆነ ነገረቻት። “እርስዎን መግፋቴ አይደለም” አለች። “የሚያሳስበኝ ልጅቷ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤትዎን መጥቼ አያለሁ፣ እንነጋገራለን፣ ያኔ እወስናለሁ።” ድንጉጧ “እሺ” ብላ ወጣች። ሌላ ከተማ የሚለው ቃል እስከ ቤቷ ድረስ ጆሮዋ ላይ ሲያቃጭል ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። ጠባቧን ክፍል ቢጫ ቀለም ቀባቻት። ከተረፈ ስፖንጅ ፍራሽ ሠርታ ትንሽ አልጋ አስገባች። ማቆያው ድረስ ሄዳ ለሚጡ ቀይ ሸራ ጫማ ስትሰጣት፣ ማሰሪያው ስለላላ አውጥታው ሶፋ ጠርዝ ላይ የምትሰፋውን ሰማያዊ ገመድ አስገባችበት። ሚጡ ጫማውን አየት አደረገችና “ይሄ የሶፋ ነው” አለች እንጂ አልሳቀችም። እሷ ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር መንገዱን ሙሉ ስትደጋግማት ነበር።

ይኼኔ ነው ወንድሟ ከተፍ ያለው።

ወንድሟ ለእንጀራው ሠርግ ይቀርጻል፤ ልቡ ግን ፊልም ላይ ነው። የፊልሙ በጀት የራሱ ኪስ ነው፤ ኪሱ ደግሞ የታወቀ ነው። አሁን የያዘው ታሪክ ወደፊት በሚመጣ ዘመን፣ ሰው ሁሉ እናትና አባት ለመሆን ፈቃድ ማግኘት ባለበት አገር የሚሆን ነው። ፈቃድ ፈላጊዎች የሙከራ አሻንጉሊት ይሰጣቸዋል። አሻንጉሊቱ ይተነፍሳል። ደንብ ከጣሱ ትንፋሹ ይቆማል፣ ትንፋሹ ከቆመ ደግሞ ፈቃድ ብሎ ነገር የለም።

“ይሄን ከየት አመጣኸው?” አለችው ክው ብላ።

“ከአንቺ ነዋ፣ እታለም” አላት፣ ሳያፍር። “የቢሮውን ነገር ስትነግሪኝ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ጠባቧን ክፍል ለጥቂት ቀን ብቻ አውሺኝ። ሴትዮዋ ከመምጣቷ በፊት እንደነበረች አድርጌ አስረክብሻለሁ።”

“ዓይንህን ላፈር! የልጅቷን ክፍል?”

“ቢጫውን መልሼ እቀባዋለሁ አልኩሽ እኮ። እኔም እኮ አጎቷ ነኝ።”

እምቢ ማለት ነበረባት። እኔ ብሆን በመዶሻው ነበር የማባርረው። እሷ ግን እምቢ ማለትም ያስፈራታል፤ ስለዚህ ፈቀደች።

ቢጫው ግድግዳ በአንድ ከሰዓት አመድማ ሆነ። ማዕዘኑ ላይ የወተት ዱቄት ጣሳ ጥቁር ተቀብቶ፣ የብስክሌት የኋላ መብራት ተገጥሞበት የመቆጣጠሪያ ካሜራ ተብሎ ተሰቀለ። ውሸት መሆኑን እያወቀች እንኳ ድንጉጧ ቀይ መብራቱን ስታይ አንገቷን ትደፋለች። የተቆጣጣሪውን ልብስ ከተረፈ መጋረጃ ራሷ ሰፋችው። አሻንጉሊቱንም የሠራችው እሷ ናት። ሆዱ ስፖንጅ፣ ደረቱ ውስጥ ፊኛ፤ ከፊኛው የወጣው ቀጭን ቱቦ ፍራሹን በስቶ አልጋው ሥር ይወርዳል። ጫፉ ላይ ከተበላሸ የደም ግፊት መለኪያ የተነቀለ፣ በእጅ የሚጨመቅ ጎማ አለ። ጎማው ሲጨመቅ የአሻንጉሊቱ ደረት ከፍ ይላል፣ ሲለቀቅ ዝቅ ይላል። ሥራውን ከሠሪው የተሻለ የሚያውቅ የለምና አልጋው ሥር ተጋድማ የምትጨምቀውም እሷው ሆነች። መጀመሪያ ቀን አሻንጉሊቱ ሲተነፍስ ያዩት ሁሉ ወደኋላ አፈገፈጉ። እሷም ራሷ በእጇ ሥራ ፈርታ ሌሊቱን መብራት ሳታጠፋ አደረች።

ተቆጣጣሪውን የሚጫወተው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሲያንሾካሹክ ሦስተኛው ቤት ስለሚሰማ “አዋጅ” ይሉታል። ድምፁ ግሩም ነው፤ ችግሩ ቃል አይዝም። ስለዚህ ድንጉጧ ሌላ ሥራ ተጨመረላት። አልጋው ሥር ሆና በአንድ እጇ ጎማውን እየጨመቀች፣ አዋጅ ጥያቄውን ሲረሳ ጥያቄውን፣ እናቲቱን የምትጫወተው የወንድሟ እጮኛ መልሱን ስትረሳ መልሱን ትነግራቸዋለች። ወንድሟ አንዱን ትዕይንት ደጋግሞ ደጋግሞ አንጀቷን እስኪያወጣው ድረስ ነው የሚቀርጸው።

“ልጁ ሌሊት ቢያለቅስ ምን ታደርጊያለሽ?” ይላል አዋጅ።

“ፈቃድ እስኪሰጠኝ ከቦታዬ አልንቀሳቀስም” ትላለች የወንድሟ እጮኛ።

“ልጁ ቢፈራስ?”

“ፍርሃት ለልጅ ትምህርት ነው።”

“ልጁን ትወጂዋለሽ?”

“የተፈቀደልኝን ያህል።”

ድንጉጧ ይህን ስትሰማ ጎማውን አጥብቃ ትጨምቃለች። ማታ ተኝታም ይመላለስባታል። ወጥ ስታማስል፣ ጨርቅ ስትለካ፣ ሳታስበው “የተፈቀደልኝን ያህል” ብላ ታጉተመትምና ራሷ ትደነግጣለች።

የወንድሟ ነገር መቼም ማለቂያ የለውም፤ ፍርሃቱ እውነተኛ እንዲሆን ብሎ አንድ ደንብ አወጣ። አዋጅ በፈለገው ሰዓት ይመጣል፣ በር ሲንኳኳ ማንም “ማነው?” አይልም፣ ካሜራው እየሄደ ሁሉም በጀመረበት ይቀጥላል። እሱ “በቃ!” እስካላለ ድረስ አሻንጉሊቱ መተንፈስ አያቆምም። የሁሉንም ስልክ ሰብስቦ አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። በመጨረሻው የቀረጻ ቀን ደግሞ አዋጅ ዋና ተቆጣጣሪዋን የምትጫወት የሚስቱን እህት ይዞ እንዲመጣ ተነገረው። “ኮስታራ ናት፣ ትወዷታላችሁ” ብሎ ነበር።

በዚያ ቀን ከምሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ።

የወንድሟ እጮኛ ሄዳ ከፈተች። ድንጉጧ አልጋው ሥር በጀርባዋ ተጋድማ ጎማዋን ትጨምቃለች። ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ። ከወለሉና ከአልጋው ልብስ መሐል ባለችው ክፍተት የምታየው እግር ብቻ ነው። አንድ ጥንድ ተረከዘ አጭር የሴት ጫማ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። የአዋጅ ሚስት እህት ቀድማ መጣች ማለት ነው አለች በሆዷ።

“የቤቱ ባለቤት አሉ?” አለ የሴት ድምፅ።

“እባክዎ፣ ልጃችንን አይውሰዱብን!” አለችና የወንድሟ እጮኛ እንግዳዋ እግር ላይ ወደቀች። ወንድሟ ከካሜራው ኋላ “ጎሽ!” ሲል ተሰማ።

“ምን… የኔ እህት፣ ተነሺ እንጂ። ምን ሆናችሁ?”

እንዲህ የሚል ቃል ጽሑፉ ላይ የለም። ድንጉጧ ሴትዮዋ ቃሏን የረሳች መስሏት ትክክለኛውን ልትነግራት አፏን ስትከፍት፣ ከሴትየዋ ጫማ ኋላ ሌላ ትንሽ ጥንድ ጫማ ብቅ አለ። ቀይ ሸራ ነው። ማሰሪያው ሰማያዊ ነው፤ የሶፋ ገመድ።

ድምፁን አሁን ነው የለየችው። መነጽር፣ ገመድ፣ ቢሮ፣ ሽንት ቤት። ምን ይዋጣት? እዚያው አልጋው ሥር ብትሞት ትመርጥ ነበር። ግን ሚጡ አለች። ጎማውን ለቃ፣ አቧራና የክር ጥራጊ ፀጉሯ ላይ ተሰግስጎ፣ በክርኗ እየዳኸች ወጣች። ወንድሟ የእህቱን ልጅ ሲያያት ካሜራው ላይ ድርቅ ብሎ ቀረ።

አልጋው ላይ አሻንጉሊቱ “እስስ” ብሎ የመጨረሻ ትንፋሹን አወጣና ደረቱ ተኛ።

“ስደውል ስልክዎ ዝግ ነው” አለች ሴትዮዋ። ዓይኗ ከአመድማው ግድግዳ ወደ ቀይ መብራቱ፣ ከመብራቱ ወደ አሻንጉሊቱ ይዞራል። “የሚቀጥለው ሳምንት ስለማይመቸኝ ነው ዛሬ የመጣሁት። ልጅቷም ቤቱን እንድታይ ብዬ። ይህ… የእሷ ክፍል ነው?”

ድንጉጧ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

“ፊልም ነው፣ እትዬ!” አለ ወንድሟ እየተንተባተበ። “ቢጫ ነበር! እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እሷ ምንም አላጠፋችም…”

“አንተን አልጠየቅኩም።” ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገች። ተቆጥታ ሳይሆን ደክሟት ነበር፤ የድካሙ ነገር ግን ከቁጣው ይብሳል። “የግድግዳውን ነገር እንተወው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ይህቺ ልጅ እስካሁን አላለቀሰችም። አንድ ሌሊት ግን ማልቀሷ አይቀርም። ያን ለት ምን ያደርጋሉ?”

መልሱን ታውቀዋለች። ማንም እናት ታውቀዋለች፣ ማንም አክስት ታውቀዋለች። ግን ምላሷ አልጋው ሥር የለመደውን ብቻ ይዞ ወጣ።

“ፈቃድ እስኪሰጠኝ ከቦታዬ አልንቀሳቀስም።”

“ምን አሉ?”

አይደለም ልትል ነበር። እንዲህ ማለቴ አይደለም ልትል ነበር። “ፍርሃት ለልጅ ትምህርት ነው” አለ አፏ።

ወንድሟ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ድንጉጧ የገዛ አፏን በመዳፏ ከደነችው፤ ሚጡን በገዛ ምላሷ ለሌላ ከተማ ስትሰጣት ቆማ ሰማች። በሕይወቷ ሙሉ የፈራችው ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም ነበር።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። “ሚጡዬ፣ ነይ፣ እንሂድ” አለች።

በሩ አጠገብ ሚጡ የለችም። የፊተኛው ክፍል ወንበሮቹ መሐልም የለችም። የወንድሟ እጮኛ ወደ ደጅ ሮጠች፣ ወንድሟ መኝታ ቤቱን አየ። ሴትዮዋ “ሚጡ!” ብላ ጮክ ብላ ስትጣራ፣ አልጋው ላይ የአሻንጉሊቱ ደረት ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ከዚያ ዝቅ አለ። ሴትዮዋ ሳታስበው ጮኸችና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

ድንጉጧ ግን ገባት። ተንበረከከች፣ በሆዷ ተኝታ አልጋው ሥር ገባች። ፈቃድ አልጠየቀችም።

ሚጡ እሷ በነበረችበት ቦታ ተጋድማለች። አንድ ትንሽ እጇ ለጎማው ስለማይበቃ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ፊቷ ቆጣ ብሏል፣ ከንፈሯን ነክሳለች።

“ሚጡዬ።”

“አታስቁሚኝ። ቆሞ ነበር።”

“እሺ፣ አላስቆምሽም።”

“ማንም አላየውም፣ እኔ ግን አየሁት። ሁላችሁም ስታወሩ ቆመ።” ጨመቀች፣ ለቀቀች። “እማዬ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። እጇን ያዝኳት፣ እጇን ግን ብትጨምቂው ምንም አይሆንም።”

ድንጉጧ ወደ እሷ ተሳበች። ክንዷን በሚጡ አንገት ሥር አሳለፈችና ሳብ አድርጋ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። የልጅቷ አጨማመቅ እየዘገየ መጥቷል።

“ደክሞሻል። እኔ ልያዝልሽ?”

“እንዳታቆሚ ግን።”

“አላቆምም።”

“አንቺ ፈሪ ነሽ እኮ። እማዬ ነግራኛለች። በር ከተንኳኳ ትጥይዋለሽ።”

“ፈሪማ ነኝ” አለች። “አሁንም እየፈራሁ ነው። ግን አልጥለውም።”

“ብትፈሪም?”

“ብፈራም።”

ሚጡ አሰበችበት። ከዚያ ጎማውን በጥንቃቄ፣ አንድ ትንፋሽ ሳታስቀር አቀበለቻት። እጇ ባዶ ሲሆን ምን እንደምታደርግበት ጨነቃት፤ የአክስቷን ሸሚዝ ጨመደደችበት፣ ፊቷንም እዚያው ወሸቀችው። መጀመሪያ ትከሻዋ ብቻ ነው የተርገፈገፈው። ከዚያ ያ ሁሉ ጊዜ የታፈነው ልቅሶ መጣ። የሕፃን ልቅሶ አይመስልም ነበር። ድንጉጧ ከልጅቷ ጋር አብራ እያለቀሰች፣ ምንም ቃል ሳትናገር ጀርባዋን አቅፋ ከወዲያ ወዲህ ታወዛውዛት ጀመር፣ ቀኝ እጇም ጎማውን አልለቀቀም።

እንዲህ ብዙ ቆዩ። ልቅሶው ወደ ሳግ፣ ሳጉ ወደ ረዘም ያለ ትንፋሽ ተለወጠ። በክፍተቱ በኩል ተረከዘ አጭሩ ጫማ ተጠጋ፤ ሴትዮዋ ጎንበስ አለች።

“ደህና ናችሁ? ልጅቷ ምን ሆና…”

“እሽሽ!” አለች ድንጉጧ። “ዝም ይበሉ እንጂ! ልትተኛ ነው እኮ!”

ካለች በኋላ ነው ማንን እንደተቆጣች የታወቃት። ልቧ ድው አለ። ጎማውን ግን አልጣለችም።

ጫማው ትንሽ ቆመ። ከዚያ አንዱ ወለቀ፣ ሌላውም ወለቀ፣ ሁለቱንም እጅ አነሳቸው፣ ካልሲ ያደረገ እግር ድምፅ ሳያሰማ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ጋ ስትደርስ በሹክሹክታ ለወንድሟ የምትለው ተሰማ።

“የተኛች ልጅ አልቀሰቅስም። ዛሬ እዚህ ትደር። ጠዋት እመጣለሁ።”

“ከዚያስ?” አለ ወንድሟ፣ እሱም በሹክሹክታ።

“ጠዋት እመጣለሁ አልኩህ” አለች። ቀጥላም፣ “ያን ቀይ መብራት አጥፋው” አለችው።

መብራቱ ጠፋ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ወንድሟ “በቃ፣ እታለም፣ በቃ፣ ውጪ” እያለ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ቢለምናት አልመለሰችለትም። ጠዋት ሴትዮዋ ምን ይዛ እንደምትመጣ አታውቅም። ልትሰጣት ይሁን ልትወስድባት አልተነገራትም። ሆዷ ውስጥ ፍርሃቱ እንዳለ አለ፣ እንዲያውም ብሷል፤ አሁን ክንዷ ላይ የተኛ፣ የሚሞቅ፣ የሚታጣ ነገር አላት። ከራሷ በላይ የአሻንጉሊቱ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አልጋው ሲጥ ሲጥ ይላል። የሚያየው ሰው የለም፣ ካሜራውም ጠፍቷል። እጇ ሲዝል የሚጡን ራስ ሳታነቃንቅ ጎማውን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችና መጭመቋን ቀጠለች።